ቀላል የተባለውን ጨዋታ በማስተዋል ስለ መመልከት

ለከባድ ነገር ክብርን፥ ለቀላል ነገር ንቀትን መስጠት የሰው ልማድ ነው። ስለዚህ ሕግና መዝገብ፥ ታሪክና ድርሳን በጥንቃቄ ሲጠበቁ፥ ለሣቅ የተሠራ ነገር ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ እንደ ገለባ ይጣላል። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ከተናቀው ጨዋታ ውስጥ ከፍ ያለ ትምህርት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህም እውነት መሆኑን ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር የተሠራ አንድ ድምፅ የሌለው የሲኒማ ጨዋታ ሊያስረዳ ይችላል።

የጨዋታው ስም «ገርል ሻይ» ይባላል፤ ትርጓሜውም በልጃገረድ ፊት የሚያፍር ማለት ነው። የወጣው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1924 ዓመት ነው፤ ይኸውም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ የተጓዙበት የ1916 ዓ.ም. ነው። ያዘጋጁት ፍሬድ ኒውማየርና ሳም ቴይለር ሲሆኑ፥ ዋናው ተዋናይ ሃሮልድ ሎይድ፥ ልጃገረዲቱን ሆና የተጫወተችው ጆቢና ራልስተን ናቸው። ሎይድ በፈረንጆች 1919 ዓመት ፎቶግራፍ ሲነሣ የያዘው ቦምብ የውሸት መስሎት ሳለ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያሳጣው ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ ጉድለቱን በጓንት ሸፍኖ፥ ሕዝብን ማሣቅ ሥራው አድርጎ ኖረ።

ታሪኩም እንዲህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአጎቱ ዘንድ የልብስ ስፌት የሚማር አንድ ድኻ ጐልማሳ ነበረ። በሴት ፊት በቆመ ጊዜ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ የፊሽካ ድምፅ ካልሰማም በቀር ቃሉ አይፈታም። ይህ ሰው ግን የሴትን ልብ ስለ መማረክ ምስጢር መጽሐፍ ጻፈ፤ የጻፈውም ሁሉ በሐሳቡ የፈጠረው ነው እንጂ በኑሮው ያገኘው አልነበረም። መጽሐፉን ለአሳታሚ ለመስጠት ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ በባቡር ውስጥ አንዲት የባለጠጋ ልጅ አገኘ። ውሻ ይዞ በባቡር መሄድ የተከለከለ ስለ ነበረ፥ ውሻዋን በመሸሸግ ረዳት። ስለ መጽሐፉ ሲያጫውታትም መንተባተቡን ፈጽሞ ረሳው።

ከዚህ በኋላ የአሳታሚው ቤት ሰዎች መጽሐፉን አንብበው ሳቁበት፤ ጐልማሳውም ባዶ እጁን እንደ ቀረ አይቶ፥ ልጅቱን ወደ ድኽነቱ እንዳያገባት ሲል በሐሰት የማይወዳት መስሎ ተለያት። አሳታሚው ግን ሐሳቡን ለውጦ መጽሐፉን ለሣቅ ሊያትመው ቈረጠና የገንዘብ ቼክ ሰደደለት። በዚያው ጊዜ ልጅቱ ሚስት ላለው ለአንድ አታላይ ልትዳር ነበረና፥ ጐልማሳው ይህን በሰማ ጊዜ በአውቶሞቢል፥ በፈረስ፥ በሞተር ብስክሌትና በኤሌክትሪክ ትራም እየተጣደፈ ከሠርጉ ቦታ ደረሰ። ደርሶም ለመናገር አልቻለም፤ ምላሱ ስለ ተያዘ ሙሽራይቱን ተሸክሟት ወጣ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ድምፅ የሌለው ሲኒማ መናገር የማይችለውን ሰው ታሪክ መምረጡ ነው። መንተባተቡ በጆሮ አይሰማም፤ በከንፈሩ መንቀጥቀጥ፥ በአንገቱ መወጠርና በዓይኑ መቅበዝበዝ ይታያል እንጂ። ልጅቱም መወደዷን የምታውቀው ከአፉ ሳይሆን ከሥራው ነው። በጽሑፍ የሚወጣው ቃል ጥቂት ስለ ሆነ፥ ተመልካች ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ቢያዞር የነገሩ ሥር ያመልጠዋል። ዛሬ ሰው ሥዕልን በችኰላና በብዙ ድምፅ ማየት ስለ ለመደ፥ እንዲህ ያለው ጨዋታ መጀመሪያ ያደክመዋል፤ ጥቂት ከታገሠ ግን ዓይኑ ይለምዳል፤ ከንግግር በፊት ፊትን ማንበብንም ይማራል።

ይህ ትምህርት ለመዝናናት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አንድ ባለጉዳይ ከሹም ፊት በቆመ ጊዜ በቤቱ ያሰናዳው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል፤ እውነተኛው ሲንተባተብ፥ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሐሰተኛ ግን ነገሩን አሳምሮ ያቀርባል። ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን ሊናገር የመጣ ሰውም ዋናውን ነገር ሸሽጎ ጥቃቅኑን የሚዘረዝርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የሌላውን ጉዳይ ለመስማት የተሾመ ሰው፥ የሚሰማው የተነገረውን ብቻ ከሆነ፥ ፍርዱ ለተናጋሪው እንጂ ለእውነት አይሆንም። የልብስ ሰፊውን ልጅ አይቶ የሣቀ ሰው፥ በማግሥቱ በደጁ የሚንተባተበውን ድኻ በትዕግሥት ቢመለከተው፥ ሣቁ ከንቱ አልሆነም።

ጨዋታው ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። የዚያ ዘመን ሰው ሙሽራይቱ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ስትወሰድ አይቶ ሣቀ። በኢትዮጵያ ግን ጠለፋ ብዙ ልጃገረዶችን የጐዳ ነገር ስለ ሆነ፥ ይህን በዝምታ ማለፍ አይገባም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ፥ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ቢያገባት ከክስ እንዲድን ይፈቅድለት ነበር፤ ይህ መውጫ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በእውነትም የጨዋታው ፍጻሜ መሸከሙ አይደለም፤ ከወጡ በኋላ ፊሽካ ተሰምቶ የጐልማሳው አንደበት ይፈታል፤ ታገባው እንደ ሆነም ይጠይቃታል፤ እርሷም እሺ ትላለች። ያለዚህ ጥያቄና ያለዚህ መልስ ታሪኩ ባልተፈጸመም ነበር። አስተዋይ ተመልካች ከሩጫው ይልቅ ይህን ይይዛል፤ ለልጆቹም ሲያሳያቸው የቱ ለሣቅ እንደ ሆነ፥ የቱ ለሥራ እንደ ሆነ ለይቶ ይነግራቸዋል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ከባድ ኀላፊነት ያለበት ሰው በባዕድ አገር ቀልድ ጊዜውን ማጥፋት የለበትም ይላሉ። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ አንደበት «ሰይጣን ቤት» እየተባለ ይጠራ ነበር። መጠንቀቁ ባይነቀፍም፥ ሳይመረምሩ መናቅ ግን ከጥንቃቄ አይቈጠርም።

ንቀት ምን ያህል እንደሚያጠፋ የአሜሪካ ሲኒማ ራሱ ምስክር ነው። በፈረንጆች 1927 ዓመት «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ተናጋሪውን ሲኒማ ካስወደደ ወዲህ፥ ድምፅ የሌለው ጨዋታ ዋጋ የለውም ተባለ። የተሠራበትም ናይትሬት የሚባለው ፊልም ቶሎ የሚቃጠልና በመበስበስ የሚጠፋ ስለ ሆነ፥ አንዳንዱ ነደደ፥ አንዳንዱ ተጣለ፥ አንዳንዱም በውስጡ ላለው ብር ሲባል ቀለጠ። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆች 2013 ዓመት ባወጣው ጥናት፥ ከ10,919 ረዣዥም ድምፅ አልባ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ሙሉ ሆነው በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 1,575 ብቻ፥ ማለት ከመቶው 14 እጅ ያህል መሆናቸውን ገልጧል። ሎይድ ሥራዎቹን በቤቱ ይጠብቅ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ዳኑ፤ ቢሆንም በፈረንጆች 1943 ዓመት በማኖሪያው የተነሣው እሳት ከመጀመሪያ ዘመን ሥራዎቹ ብዙውን በላ። «ገርል ሻይ» ከተረፉት አንዱ ነው፤ ከፈረንጆች 2020 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶም በአሜሪካ የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ ብራና ሲጠፋ ምን እንደሚጐድል ለሚያውቁ ካህናትና መዝገብ ለሚጠብቁ ሹማምንት ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባቸውም። ትውልድ የሚጥለውን ነገር የሚመርጠው በራሱ ዘመን ሚዛን ነው፤ የሚመጣው ትውልድ ሚዛን ግን ሌላ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ በቁም ነገር የጻፈው መጽሐፍ ለሣቅ ታተመ፤ ለሣቅ የተሠራው የእርሱ ታሪክ ደግሞ ዛሬ ለቁም ነገር ሆነ። ስለዚህ በእጁ የድሮ ፎቶግራፍ፥ ፊልም ወይም የተቀዳ ድምፅ ያለበት ሰው፥ ቀላል ነው ብሎ ከመጣሉ በፊት ዕውቀት ላለው ሰው ሊያሳየው፥ የሚጠበቅበትንም ስፍራ ሊያዘጋጅለት ይገባል።