በሊባኖስ የሚሠሩ እህቶቻችንን የዕረፍት ቀን በተመለከተ ከማኅበራችን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ስለተነፈጉት የዕረፍትና የመዝናኛ መብት ያለውን አቋም እንደሚከተለው ይገልጻል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍት ይፈቅዳል፤ አጠቃቀሙን ግን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ትቶታል። በካፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት ልጅ በምን አቅሟ ትደራደር? አሠሪያቸው ቤት ለሚኖሩት ለብዙዎቹ የኮንትራት ልጆች እሑድ እንግዳ የሚበዛበት፣ ሰሐን የሚከመርበት ቀን ነው። ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር የሚያወሯት ሁለት ደቂቃ የሳምንቱ ጨዋታቸው ናት። ቤት ተከራይተው በፍሪላንስ የሚሠሩት ቤይሩት ዳር ወዳሉት ዶራና ቡርጅ ሐሙድ ሰፈሮች ወጥተው ቡና ይጠጣሉ፣ ሹሩባ ይሠራሉ፤ ወረቀት የሌላቸው ግን እሱንም እየተሳቀቁ ነው።

ከቤት መውጣት ቢቻልም መዋኛው ሌላ የተዘጋ በር ነው። ቤተሰቡን ተከትላ ባሕር ዳርቻ የሄደች ሠራተኛ ልብሷን እንደለበሰች፣ ፎጣና ጡጦ ይዛ ፀሐይ ላይ ትውላለች። የሊባኖስ ቱሪዝም ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 በዘር፣ በዜግነትና በአካል ጉዳት ሰውን መለየትን የሚከለክል መመሪያ ቢያወጣም የቤት ሠራተኞች እንዳይዋኙ መከልከላቸውን ያልተዉ መዝናኛዎች ነበሩ። «የከለከልነው ሠራተኛን እንጂ ጥቁርን አይደለም» የሚለውን መከራከሪያ አንቀበልም፤ እዚያ ጥቁር ሴት ገና ስትታይ ሠራተኛ ናት ተብላ ነው የምትገመተው።

የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኛዋ በዕረፍቷ ሰዓት አሠሪዋ ቤት እንድትቆይ እንደማትገደድ ይደነግጋል። እኛም ከቤት መውጣት የሌለበትን ዕረፍት ዕረፍት ብለን አንቆጥርም። ስለሆነም የዕረፍቱ ቀን በውሉ ላይ በስሙ እንዲጻፍ፣ በገንዘብ እንዳይለወጥ፣ ፓስፖርትም በባለቤቷ እጅ እንዲሆን እንጠይቃለን፤ መንግሥታችንም ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚፈራረመው የሥራ ስምሪት ስምምነት ይህን እንዲያስገባ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት መዝለል አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ አዲስ አበባም ውስጥ ዓውደ ዓመት ለሠራተኛዋ ከባዱ የሥራ ቀን ነው። አዋጁ እንዲሻሻል እንጠይቃለን። እስከዚያው የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ማንኛውም የማኅበራችን አባል በየሳምንቱ ከቤት የምትወጣበት አንድ ሙሉ ቀን፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ፣ እንዲሰጣት ማኅበሩ ወስኗል።