ምንጩ ሳይታወቅ በር አይከፈት

በአንድ ተቋም ግቢ የካሜራው ምስል መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ደስ አለው። ከ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በኋላ ስክሪኑ ጠቆረ። የመመልከቻው ፕሮግራም ተዘግቶ ሲከፈት ምስሉ ተመለሰ፤ ሰዓት የያዘው ወጣት ቴክኒሻን እንደገና 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ቆጠረ፤ እንደገና ጠቆረ። ኬብል ተቀየረ፣ ካሜራ ተቀየረ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ በራ። በሦስተኛው ምሽት አንድ ሰው ስዊቹ ላይ ምስሉን ለጠየቀው ፖርት ብቻ የሚያሳልፈውን፣ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚባለውን ቅንብር አጠፋው፤ ምስሉ ሳይቋረጥ ስለቆየ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ፋይል መክፈት አቃተው፤ ዋይፋዩም ሞተ። የእያንዳንዱ ካሜራ ምስል፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ወደ እያንዳንዱ የስዊች ፖርት ይፈስ ነበር።

የተቋሙን ስም አንጠራም፤ እንዲህ ያለ ግቢ አንድ ብቻ አይደለምና። ምክንያቱን ግን መናገር ይገባናል። ስዊቹ «ይህን ምስል እፈልጋለሁ» ያለን መሣሪያ በመዝገቡ የሚያቆየው በመደበኛ ቅንብሩ 260 ሰከንድ ነው። ራውተሩ በየ125 ሰከንዱ «አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ካልጠየቀና ለመልስ የሚጠበቀው 10 ሰከንድ ካለፈ አባልነቱ ይሰረዛል። በዚያ ግቢ የሚጠይቅ አልነበረም። ራውተሩ ላይ መልቲካስት ራውቲንግ አልተከፈተም፤ ተመልካቾቹ ባሉበት ኢንተርፌስ ላይም የመልቲካስት መንገድ የሚያበጀው፣ ፒም የሚባለው ፕሮቶኮል አልተጻፈም። በብዙዎቹ ራውተሮች ፒም ሲጻፍ ጠያቂነቱም አብሮ ይጀምራል። ሦስት ሌሊት የፈጀው ችግር የሁለት መስመር ትእዛዝ ነበር።

ሥራውን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። አንድ ሰርቨር በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ ለ300 ተመልካች ለየብቻ ቢልክ 1,200 ሜጋቢት ያስፈልገዋል፤ የአንድ ጊጋቢት መስመር አይችለውም። ለሁሉም ቢበትነው ደግሞ እንደ እድር ጥሩንባ ነው፤ አባል ያልሆነውም ሰፈርተኛ ከእንቅልፉ ይነቃል። መልቲካስት ሦስተኛው መንገድ ነው። ሰርቨሩ አንድ ቅጂ ብቻ ይልካል፤ ቅጂው የሚባዛው መንገድ በሚለያይበት ራውተር ላይ ነው፤ ጠያቂ ወደሌለበት መንደር ጭራሽ አይገባም። የአክሲዮን ገበያ ዋጋ በአንድ ቅጽበት ለብዙ ደላሎች የሚደርሰው፣ በአይፒ መስመር የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ቻናል ወደ ብዙ ቤት የሚገባው በዚህ ብልሃት ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በቅንብር ጉድለት ሲጣል ማየት ያሳዝነናል።

ስለዚህ ይህ መጽሔት አቋሙን በግልጽ ያስቀምጣል። ከእንግዲህ አዲስ የሚዘረጋ የመልቲካስት ኔትወርክ፣ ተቀባዩ ቡድኑን ብቻ ሳይሆን ላኪውንም ለይቶ በሚጠይቅበት ስልት፣ ባለሙያዎች ኤስኤስኤም በሚሉት፣ መዋቀር አለበት። «ማንም ይላክ፣ እኔ እቀበላለሁ» የሚለው የቀድሞው ስልት ከአንድ ድርጅት አጥር ውጭ ቦታ የለውም፤ በአጥሩ ውስጥም ቢሆን ለምን እንዳስፈለገ በጽሑፍ ሳይገለጽ ሊፈቀድ አይገባም። ዴንስ ሞድ የሚባለው ደግሞ ሥራ ላይ ካለ ራውተር ሁሉ ይጥፋ።

የቀድሞው ስልት የተወለደው በክፉ ሐሳብ አይደለም። ስቲቭ ዲሪንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መልቲካስትን ሲቀርጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው፣ አርኤፍሲ 1112 በተባለው የደረጃ ሰነድ ላይ እንደሰፈረው፣ ቡድኑ ባለቤት አልነበረውም። ማንም ይቀላቀላል፣ ማንም ይለቃል፤ አባል ያልሆነ እንኳ ወደ ቡድኑ መላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1992 የኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ በሳንዲያጎ ሲካሄድ ድምፁ በዚህ መንገድ በዓለም ዙሪያ ወደሚገኙ 20 ያህል ቦታዎች ተላለፈ፤ ኤምቦን የሚባለውም ኔትወርክ ከዚያ ተስፋፋ። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል በር ክፍት መተው ይቻላል።

በማይተዋወቁት መካከል ግን ክፍት በር ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ራውተሩ ነው። ተቀባዩ ላኪውን ስለማያውቅ ኔትወርኩ ራሱ ላኪውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ፒም ስፓርስ ሞድ ለዚህ አርፒ የሚባል መገናኛ ራውተር ይሾማል። የተቀባዩ ራውተር ጥያቄውን ወደ አርፒው ይልካል። የላኪው ራውተር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች በሌላ ፓኬት ውስጥ አሽጎ ለአርፒው ያስረክባል። አርፒው ከላኪው ጋር ቀጥታ መንገድ ሲያበጅ «ማሸጉን አቁም» ብሎ ይመልስለታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ምን ይሆናል? በስፋት በሚሠራባቸው ራውተሮች መደበኛ ቅንብር፣ የተቀባዩ ራውተር ከአርፒው የመጀመሪያውን ፓኬት እንዳገኘ ላኪውን ያውቃል፤ ወዲያው አርፒውን ትቶ ወደ ላኪው የሚወስደውን አጭር መንገድ ይይዛል። ያ ሁሉ ድካም የላኪውን አድራሻ ለማወቅ ብቻ ነበር ማለት ነው። የቴሌቪዥን ቻናል ወይም የካሜራ ዝርዝር ያለው ሰው አድራሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል። በእጁ ያለውን መረጃ ፍለጋ መገናኛ ራውተር የሚያቆም፣ ለእሱም መተኪያ የሚያዘጋጅ፣ መተኪያውንም የሚያመሳስል መሐንዲስ ጊዜውን በከንቱ እየጨረሰ ነው።

የሁለት ድርጅት አርፒዎች ሲገናኙ ጉዳዩ የባሰ ይሆናል። አንዱ አርፒ «እኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ላኪ አለ» ብሎ ለሌላው የሚያሳውቀው ኤምኤስዲፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው፤ ሌላውም ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ራመን የሚባለው የሊነክስ ትል የሚያጠቃቸውን ኮምፒውተሮች ሲያስስ የመልቲካስት አድራሻዎችንም አብሮ ነካካ። ትሉ ወደነዚያ አድራሻዎች በላከው ፓኬት ምክንያት አርፒው «አዲስ ላኪ ተገኘ» እያለ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አወጀ። መልቲካስት የጀመሩ የምርምርና የዩኒቨርሲቲ ኔትወርኮች ራውተሮች በዚህ የአዋጅ ጎርፍ ተጨናነቁ። ትሉ ለመልቲካስት ተብሎ የተጻፈ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ስለነበረ ብቻ ገባ።

ብይናችን ብቸኛ ድምፅ አይደለም። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል አይኢቲኤፍ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ባወጣው አርኤፍሲ 8815፣ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው በሚሻገር መልቲካስት ላይ የቀድሞው ስልት እንዲቀር፣ በምትኩ ኤስኤስኤም እንዲሠራበት መክሯል። ያ ሰነድ በአንድ ድርጅት ውስጥ ያለውን አይከለክልም። እኛ አንድ እርምጃ እንጨምራለን፤ በግቢው ውስጥም ቢሆን የመጀመሪያው ምርጫ ኤስኤስኤም ይሁን እንላለን።

ቅንብሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ምክንያታችንን ይረዳል። በራውተሩ ላይ መልቲካስት ራውቲንግ ይከፈታል። ከላኪው እስከ ተቀባዩ ባለው መንገድ በእያንዳንዱ ኢንተርፌስ ላይ ፒም ስፓርስ ሞድ ይጻፋል። ከ232.0.0.0 እስከ 232.255.255.255 ያለው ክልል ለኤስኤስኤም እንደሆነ ይነገረዋል። ተቀባዮች ባሉበት ኢንተርፌስ የመጠየቂያው ፕሮቶኮል አይጂኤምፒ ወደ 3ኛው ቅጂ ይቀየራል፤ በብዙ ራውተር ላይ መደበኛው 2ኛው ስለሆነ ይህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ተቀባዩ «ከዚህ ላኪ የሚመጣውን ይህን ቡድን» ብሎ ይጠይቃል፤ ራውተሩም ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ላኪው አቅጣጫ ያስተላልፋል። አርፒ የለም፣ ማሸግ የለም፣ አዋጅ የለም። ያልተጠራ ሰው ወደዚያው ቡድን ቢልክ ፓኬቱ ተቀባዩ ዘንድ አይደርስም፤ የጠየቀው የለምና። ሁለት ክፍሎች አንድ የቡድን ቁጥር ቢመርጡ እንኳ ላኪያቸው ስለሚለያይ አይጋጩም።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። አንዳንዱ «መሣሪያዎቼ አሮጌ ናቸው፣ 3ኛውን ቅጂ አያውቁም» ይላል። የ3ኛው ቅጂ ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ዊንዶውስም ከኤክስፒ ጀምሮ ያውቀዋል። ለቀሩት ደግሞ ራውተሩ በ2ኛው ቅጂ ለሚጠይቅ መሣሪያ የላኪውን አድራሻ ራሱ ሞልቶ የሚጠይቅበት ኤስኤስኤም ማፒንግ አለ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሁሉም ለሁሉም ከሚናገርበት አገልግሎት የሚመጣ ነው፤ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚፈላለጉበት፣ ላኪው አስቀድሞ የማይታወቅበት። እዚያ አርፒ ያስፈልጋል፤ አንከለክልም። ግን አጥር ይኑረው። ለውስጥ አገልግሎት በተለየው 239.0.0.0/8 ይወሰን፤ በድርጅቱ ድንበር ላይ ይታገድ፤ አርፒው ማንን ላኪ አድርጎ እንደሚቀበል በዝርዝር ይጻፍ፤ ራውተሩ የሚይዘው የቡድን ብዛትም ጣሪያ ይበጅለት። የቡድን ቁጥር ሲመረጥም ማስተዋል ነው፤ 239.128.0.1ን የመረጠ ሰው በኤተርኔት አድራሻ ከ224.0.0.1 ጋር አንድ ይሆንበታል፣ ስዊቹም ለሁሉም ሊበትነው ይችላል፤ 32 የቡድን ቁጥሮች አንድ የኤተርኔት አድራሻ ይጋራሉና።

ስለ ዴንስ ሞድ ብዙ አንልም። መጀመሪያ ለሁሉም ያፈስሳል፣ አልፈልግም ያለውን ቆርጦ ይተወዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ያፈስሳል። ከስፓርስ ጋር የተደባለቀው ቅንብር የበለጠ ያሰጋናል፤ አርፒው በጠፋበት ቀን ቡድኑ ሳይነገረን ወደ ዴንስ ይወርዳልና። ይህን መውረድ የሚከለክለው ትእዛዝ ዛሬውኑ ይጻፍ።

ስልቱ ተስተካክሎም ባለሙያውን የሚያደክሙ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የኋልዮሽ ፍተሻ ነው፤ ራውተሩ መልቲካስት ፓኬትን የሚቀበለው ወደ ላኪው በሚወስደው በራሱ መንገድ ከመጣ ብቻ ነው፣ በሌላ በኩል ከመጣ ይጥለዋል። ሁለት መስመር ባለበት ግቢ በአንደኛው ላይ ብቻ ፒም የጻፈ ሰው ምስሉ ለምን እንደቀረ ሲፈልግ ያድራል። ሁለተኛው ከራውተሩ ውጭ ነው። ፕሮግራሞች መልቲካስት ሲልኩ፣ ካልተነገራቸው በስተቀር፣ የፓኬቱ ዕድሜ 1 ነው፤ የመጀመሪያው ራውተር ላይ ያልቃል። ራውተሩን እየፈታ እየገጠመ ከሚያድር ባለሙያ ጎን ተቀምጠን አይተናል፤ ቅንብሩ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ላኪው ኮምፒውተር ላይ ያለ አንድ ቁጥር ነበር።

ኃላፊነቱ ግን በዚያ ባለሙያ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አንፈቅድም። መልቲካስትን በአርፒ ጀምሮ በአርፒ የሚጨርስ ሥልጠና ሠልጣኙን ለዛሬ ሥራ አያበቃውም፤ ኤስኤስኤም በመጨረሻው ቀን በአንድ ስላይድ የሚታለፍ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን በላብራቶሪ የሚሠራ ይሁን። ካሜራና የቪዲዮ ሥርዓት የሚገዙ ተቋማት በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አይጂኤምፒ 3ኛ ቅጂንና ኤስኤስኤምን እንደ ግዴታ ያስፍሩ፤ ጠያቂው የትኛው ራውተር እንደሚሆንም ሥራው ሳይጀመር በንድፉ ላይ ይጻፍ። ስኑፒንግን ያለ ኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ማጥፋት ይከልከል።

ርክክብም ይለወጥ። ምስሉ በታየ ቅጽበት የሚፈረም ሰነድ የዚያን ግቢ ሦስት ሌሊት ይደግማል። ተረካቢው መመልከቻውን ከፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ምስሉን ያልጠየቀ አንድ ኮምፒውተር በሌላ ፖርት ተሰክቶ ወደ እሱ የሚገባው ትራፊክ ይለካ። ምስሉ ሳይጠቁር ከቆየ፣ ወደዚያኛው ኮምፒውተርም የካሜራ ፓኬት ካልደረሰ፣ ያኔ ይፈረም።