የመርከብ እሳት ማጥፊያ ጋዝ እሳት በሌለበት ቀን ይገድላል

ከሰቆጣ እስከ ባሕር ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሆኖም በድርቅ ዘመን ለዋግ ኽምራ ከታደለው የእርዳታ እህል ብዙው በመርከብ ወደብ ደርሶ ነው ተራራውን የወጣው። ከመርከበኞቹ መካከልም ዛሬ የእኛ ልጆች አሉ፤ የባቦጋያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ከሜካኒካልና ከኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ለውጭ መርከቦች የሞተር ክፍል ያዘጋጃል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ማን በምን እንደሚሞት ደገኛውንም ይመለከተዋል።

የሞተር ክፍል ሲቃጠል በብዙ መርከቦች የመጨረሻው መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከክፍሉ ይዘት 35 ወይም 40 በመቶ የሚሆን ጋዝ ገብቶ እሳቱን ያፍናል፤ ሰው ግን ከ17 በመቶ በላይ የሆነውን ከተነፈሰ በደቂቃ ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ዓለም አቀፉ ደንብ ለዚህ ሁለት የተለያዩ መክፈቻዎችን ያዛል፤ አንዱ የቧንቧውን ቫልቭ፣ ሌላው የጋዙን ሲሊንደሮች ይከፍታል። ጋዙ ከመፍሰሱ በፊትም ደወል ቢያንስ 20 ሰከንድ ይጮኻል። ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ግን የታሰበው ለእሳት ቀን ነው። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1975 እስከዚያ ጊዜ ድረስ በባሕርም በየብስም በደረሱ 51 አደጋዎች 72 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ አደጋዎች የደረሱት በጥገና ሰዓት ነበር። በሜይ 2019 እ.ኤ.አ. በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ወደብ ላይ በቆመ የጭነት መርከብ ጋዙ በድንገት ተለቆ 10 ሰዎች ሞቱ፣ 19 ተጎዱ። የሚጠፋ እሳት አልነበረም። ጠጋኙ የሚነካካው ራሱን ሲሊንደሩን ነውና ሁለቱ መክፈቻዎች አያድኑትም።

የሚያድነው ሥራው እስኪያልቅ ቧንቧውን ዘግቶ የሚይዝ መቆለፊያ ቫልቭ ነው። የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ይህንና ለጋዙ ሽታ የሚሰጥ መሣሪያን በንግድ መርከቦች ላይ ለሚተከሉ አዳዲስ ሥርዓቶች አስገድዷል። ቁልፉ ተዘግቶ ቢረሳና እሳት ቢነሳስ? ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን የቫልቩን ሁኔታ ለመኮንኖቹ የሚያሳይ መብራትና ከጥገና በኋላ በፊርማ የሚዘጋ ፍተሻ ነው። መቆለፊያውን መክፈት የሚያስከትለውን መዘግየትም ማጋነን አይገባም። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት አየር ማስገቢያው መዘጋት፣ ነዳጁ መቋረጥ፣ ሠራተኛው መቆጠር አለበት፤ ደቂቃዎቹ የሚያልፉት እዚያ ላይ ነው። ጋዙን በሌላ እንተካው የሚሉም አሉ፤ ለአዲስ መርከብ ይሆናል፣ ለአሮጌው ግን ወጪው ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን በባንዲራችን ለሚጓዙት መርከቦች መቆለፊያውን ግዴታ ያድርግ። ባቦጋያም ሠልጣኙን ጋዙን መልቀቅ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩን ከመንካቱ በፊት መቆለፍን በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ይፈትነው።