በሩ ለሕዝብ ይከፈት



የኮሌጅ መድረክ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ከወራት በኋላ፣ ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «ደሀው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ዕለቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይታደሙበት የነበረው የኮሌጅ ቀን ነበር። የደሀው ብሶት በተማሪ አንደበት፣ በአደባባይ ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት በግጥማቸው ሰበብ ከትምህርት የታገዱ ተማሪዎች ነበሩ። ግጥም ይህን ያህል ዋጋ የሚያስከፍልበት መድረክ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው ጽሑፎች የኮሌጆችን የግጥም ምሽት፣ ቴአትር፣ ዐውደ ርእይና የእንግዳ ንግግር ይቃኛሉ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተገቢው ቦታ ተሰጥቶታል። የተመራቂዎቹ ዐውደ ርእይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፍ ሀብት ነው፤ ይህ ያስቆጨናል።

አቋማችን ግልጽ ነው። በር ላይ የተማሪ መታወቂያ የሚጠየቅበት ዝግጅት ሕዝባዊ አይባልም። እንግዳው ተናግሮ ሲያበቃ «ሰዓት አልቋል» ተብሎ ጥያቄ የሚታለፍበትም እንዲሁ። የሰፈሩ ነዋሪ ገብቶ ይይ፣ ይጠይቅ፣ ይሟገት።

የእነዚህ መድረኮች መርሐ ግብር፣ ፎቶግራፍ ወይም የድምፅ ቅጂ በእጃችሁ ያለ አንባብያን ቅጂውን ብትልኩልን በቀጣይ እትሞች እናወጣዋለን።

አዘጋጁ