ኦርጋኑ ሥር አልሰደደም፤ የጋይንት ድጓስ?

በ1520 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች ምጽዋ ወርደው ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ተጓዙ። ከያዙት ገጸ በረከት መካከል ሰይፍ፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን ይገኙበታል። ኦርጋን ሲባል የዛሬው የኤሌክትሪኩ አይደለም፤ ወናፍ ነፋስ እየሞላው በቧንቧዎች የሚያዜመው ነው። ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ተጫዋችም አብሮ መጥቷል። ይህን የጻፈልን ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው።

ኦርጋን ግን በአገሩ ሥር አልሰደደም። የንጉሡ ከተማ ከቦታ ቦታ የሚነሣ ድንኳን ነበር። መልእክተኞቹ በ1526 ተመለሱ። በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ አድባራትና መጻሕፍት ተቃጠሉ። ቤት የሌለው፣ መቺ የሌለው፣ ጠጋኝ የሌለው መሣሪያ እንዴት ይኑር?

የቧንቧ ኦርጋን ቤት ይፈልጋል። የወናፉ ቆዳ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። እንጨቱን ነቀዝ ይበላዋል። ቧንቧው በአቧራ ይታፈናል። የፓሪሱ ኖትር ዳም በ2019 ሲቃጠል ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ቧንቧዎች ያሉት ትልቁ ኦርጋን ከእሳቱ ተረፈ፤ የእርሳስ ብናኝ ግን ወረሰው። ባለሙያዎች ፈትተው አጠቡት፣ መልሰው ገጠሙት፣ ቃኙት። በታኅሣሥ 2024 እንደገና ተሰማ። ይህ የተቻለው ገንዘብ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ቧንቧ ማጠብና መቃኘት የሚችሉ እጆች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሳይቋረጡ ስለደረሱ ነው። ዩኔስኮ በ2017 የጀርመንን ኦርጋን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ዕቃውን አልነበረም፤ የመሥራቱንና የመጫወቱን ሙያ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ።

ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 ሲደርስባት ከውጭ የሚታየው ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ውስጡ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ጥንታዊ ሕንጻ ተሸሽጎ አገኘ። ለአገሩ ሰው ግን ቤተልሔም ከሕንጻም በላይ ናት፤ የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ነው። በእስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ የቆማ ዜማ ስሙን ያገኘበት። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ ከሚቆጠረው የዜማ ስልት ሁለቱ የዚህ ምድር ልጆች ናቸው።

ልብ በሉ፤ ኦርጋን ሃምሳ ዓመት ዝም ቢል ቧንቧው ካለ ይጠገናል። ድጓ ግን እንዲህ አይደለም። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት አበጁለት፤ ከጥፋቱ በኋላ ዜማው እንዳይረሳ። ሆኖም ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ለማያውቅ መምህር አይሆንም። ብራናው ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተከድኖ ቢኖር፣ ዜማውን ከመምህሩ አፍ የተቀበለ ሰው ከሌለ ዱዳ ነው። የእኛ ቧንቧ የመምህሩ ጉሮሮ ነው፤ እሱ አንዴ ከተዘጋ ፈትቶ የሚያጥበው የለም።

መካነ ኢየሱስም ሆነ ነፋስ መውጫ ስለ ልማት ሲወራ መንገድ፣ መብራትና ውኃ ይነሣል። ይገባል። ስለ ቅርስ ሲነሣ ደግሞ ጣሪያና አጥር ይታሰባል። ይህም ይገባል። የጉባኤ ቤቱ ተማሪ ግን ደበሎ ለብሶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ስለሆነ በማንም በጀት ውስጥ የለም። ለምኖ የሚማር ተማሪ የሚኖረው ገበሬው ሲተርፈው ነው። ድርቅ ሲመጣ ወይም መንገድ ሲፈራ መጀመሪያ የሚበተነው እሱ ነው።

«ሕዝብ ተቸግሮ ሳለ ስለ ዜማ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ከተራበ ሰው ጉሮሮ ነጥቆ ለጣሪያ ማዋል ነውር ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የተራበውና ቅርሱን የተሸከመው አንድ ሰው ነው። ለተማሪው የሚሰጥ እህል ርዳታም ነው፣ ጥገናም ነው። «የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥፋቱ ግን የአገር ይሆናል።

መደረግ ያለበት ውስብስብ አይደለም። አንደኛ፣ ለምስክር ቤቶቹ መምህራንና ተማሪዎች የማይቋረጥ ቀለብ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች በየከተማውና በየባሕር ማዶው ለለቅሶና ለሠርግ የሚያዋጡት ልማድ አላቸው፤ ለዚህም ይበቃል። ሁለተኛ፣ መምህራኑ በሕይወት ሳሉ የዓመቱን ድጓ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ በድምፅ መቅዳት፤ ቅጂውንም እዚያው ለጉባኤ ቤቱ ማስቀመጥ። ቅጂ መምህርን አይተካም፤ የተሳተውን ለማረም ግን ይረዳል። ሦስተኛ፣ ጥንታዊው ሕንጻ ሲጠገን የሚማርበትን ሰው ሳያፈናቅል እንዲሆን ሀገረ ስብከቱና የቅርስ ባለሥልጣን አብረው ይቀመጡ።

ከ500 ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ የሚያኖረው ቤትና ሰው አጣ። ድጓ ቤቱም ሰዎቹም ዛሬ አሉት። ቢጠፋ ሰበብ የለንም።