በር ላይ የቀረችው ሴት

ድሬዳዋ ውስጥ ቤቷ ሆና ምጥ የያዛት ሴት ዙሪያዋ ሰው ነበር። የልምድ አዋላጇን ሶማሌዋ «ኡሙሊሶ»፣ ኦሮሞዋ «ዴሲስቱ» ብላ ታስጠራ ነበር፤ ክርስቲያኗ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» እያለላት ታምጥ ነበር። ወገቧን የሚያሽ፣ ላቧን የሚጠርግ እጅ አታጣም ነበር።

ወሊዱ ከቤት ወደ ጤና ተቋም መሄዱ ትክክል ነበር። ደም ሲፈሳት ወይም ምጥ ሲጸናባት መርፌ ወይም ኦፕሬሽን ሊያስፈልጋት ይችላል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በተቋም የሚወልዱ እናቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ነበሩ። ነገር ግን ያቺ ወገብ የምታሽ ሴት ብዙ ጊዜ አትገቢም ተብላ፣ አጥሚቷን በፔርሙዝ ይዛ በር ላይ ትቀራለች።

በውጭ አገር ይህን ቦታ የያዘችው «ዱላ» የምትባል ሴት ናት። ቃሉ በግሪክኛ አገልጋይ ማለት ነው። በምጥ ላይ ተመታሁ፣ ተሰደብኩ የሚሉ እናቶች ባሉበት አገር ግን ስሙን መድገም ይከብደኛልና የምጥ አጋር ልበላት። አታዋልድም፣ መድኃኒት አትሰጥም፤ ከእናቲቱ ግን አትለይም። በዚያው አቆጣጠር በ2017 የወጣው፣ ኮክሬን የተባለው ድርጅት የሕክምና ጥናቶች ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች አይቶ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ በኦፕሬሽን መውለድን እንደሚቀንስና ምጥን እንደሚያሳጥር ጠቁሟል፤ የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንም አልደበቀም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል።

አጋር እንዳይገባ የሚሉ አዋላጆች ስጋትም ከንቱ አይደለም። አልጋን ከአልጋ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ሲሆን፣ ለአንዷ የገባ ባል የሌላዋን ገመና ያያል። በድሬ ሙቀት የታጨቀ ክፍል ለሥራም አይመችም። ለኦፕሬሽን ፈርሙ ሲባል «ትንሽ እንታገስ» የምትል ዘመድ ደግሞ ውድ ደቂቃ ታባክናለች።

ዘመድ ሁሉ ድጋፍ ነው ማለትም አልችልም። አማቷ ፊት መጮህ የምታፍር ሴት አለች። በኮክሬን ግምገማ ኦፕሬሽን ጎልቶ የቀነሰውም ዘመድም የተቋሙ ሠራተኛም ባልሆነች የሰለጠነች ሴት በተደገፉት ዘንድ ነው። ግን ለእሷ ማን ይከፍላል? ከዚራ ሰፈር ያለ ባለ ቪላ ይችል ይሆናል፤ መጋላ ሰፈር ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ግን አትችልም።

ስለዚህ እኔ የማዘነብለው ወደ ቀላሉ ነው፦ እናቲቱ ራሷ የመረጠቻት አንዲት ሴት ትግባ። በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ አብራ መጥታ እጅ መታጠብን፣ የት መቆም እንዳለባትና መቼ እንደምትወጣ ትማር። ይህ ደመወዝ አይጠይቅም፤ የአዋላጇን ፈቃድና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ባል ይግባ የሚለው ክፍሎቹ እስኪለዩ ይቆይ እላለሁ፤ ይህም አንዳንዷን ሴት አጥብቃ ከምትፈልገው ሰው እንደሚነጥላት አውቃለሁ።