ቀለብ ከፍያለሁ ማለት ልጅ አሳክሜያለሁ ማለት ነው እንዴ?

እኔ ቀለብ ከፋይ ነኝ። ከልጄ እናት ጋር ፍርድ ቤት ቆመን ከተለያየን ወዲህ የተቆረጠብኝን በየወሩ እልካለሁ፤ ደረሰኙንም በጥንቃቄ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ክረምት ታዲያ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክ ተደወለ። «ልጁ ትንፋሽ አጥሮታል፣ ክሊኒክ ነን» አለችኝ። አስም አለበት። እኔ ሆዬ «የዚህን ወር እኮ ልኬያለሁ!» አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ደግሞ ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሄጄ ሂሳቡን አየሁት። ካርድ፣ አልጋ፣ ኦክሲጅን፣ ላብራቶሪ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፓፍ... ሲደመር ከሁለት ወር ቀለብ በላይ ነው። የከፈለችው ከጎረቤት ተበድራ ነው።

«የጤና መድን የላትም እንዴ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አላት እንጂ! ግን መድኑ የሚሠራው ውል በገባ ተቋም ነው፤ ልጅ በሌሊት ሲታፈን ደግሞ ቅርብ ወዳለው ነው የሚሮጠው። በመንግሥት ሆስፒታልስ ቢሆን «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ያልተባለ የከተማ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድንም አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ስንት ዓመት «ሊጀመር ነው» ሲባል ኖሯል።

ሕጉ ምን ይላል? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ ሲወሰን ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች ትምህርትና ጤንነትም እንዲወስን ያዛል። ቀለብ ሲልም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ጤና፣ ትምህርት አለበት። ሸጋ ነው። በእኔ ውሳኔ ላይ ግን ጤፉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሕክምናውም በአንዲት የወር ቁጥር ተጠቅልለዋል። ጤፍ ዋጋው ቢያስደነግጥም በየወሩ ስንት እንደሚፈጅ ይታወቃል። በሽታ ግን መች ቀጠሮ ይዞ ይመጣል? ስለዚህ ዕዳው ልጁ በዚያች ሌሊት አብሮት ባደረው ወላጅ ላይ ይወድቃል። የቀለቡ መጠን ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ግን ለአንድ ሌሊት ኦክሲጅን ማን መዝገብ ያስከፍታል?

እኔ የምለው፣ መድን የማይሸፍነው ሕክምና በውሳኔው ላይ ለብቻው ይጻፍ። በብር ሳይሆን በመቶኛ። ግማሽ በግማሽ የሚሉ አሉ፤ ለጆሮ ደስ ይላል። የልጄ እናት ደመወዝ ግን ከእኔ ገቢ ያነሰ ነው፤ ሕጉም ራሱ የከፋዩን አቅም ተመልከቱ ነው የሚለው። ድንገተኛ ሲሆን ልጁ መጀመሪያ ይታከም፣ ጭቅጭቁ በኋላ ይደርሳል። ጥርስ፣ መነጽር፣ በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን አስቀድሞ ምክክር ይኑር።

«ሂሳቡን ብታጋንንስ?» የምትሉ አባቶች ደግሞ አላችሁ። ጥርጣሬያችሁን አልንቅም፣ እኔም ነበረብኝ። ደረሰኙን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክላችሁ፤ በ15 ቀን ውስጥ ድርሻችሁን ክፈሉ።

እኛ በዚሁ ተስማምተን ፈርመናል፤ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ልናቀርብ ነው። ስድሳ እኔ፣ አርባ እሷ። የክረምቱ ዕዳ ግን ገና አላለቀም። ለጎረቤቷ የቀረው የእኔ ድርሻ በዚህ ጽሑፍ ክፍያ ይዘጋል፤ አዘጋጁ በጊዜ ከከፈለኝ ነው እንግዲህ።